የሰሜኑ ወርቃማ እንጆሪ፦ ስለ ዮርትሮን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐምሌ ሲጋመስ በሰሜን ስዊድን ለምንኖር ሰዎች የሚደወለው ስልክ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ «ደርሷል ወይ?»። ከስቶክሆልምም ከኦስሎም ይደወላል፤ ፍሬውን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ዘመዶችም ይጠይቃሉ። ነገሩ ዮርትሮን ነው። ቶሎ ቶሎ የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። አንዳንዱን በአጭሩ መልሻለሁ፤ አንዳንዱ ግን በአጭር የሚያልቅ አይደለም።

ዮርትሮን ምን ዓይነት ተክል ነው?

ከእንጆሪ ወገን ነው። አገራችን ደጋው ላይ በጫካ ዳርና በአጥር ጥግ የሚበቅለው እሾሃሙ የዱር እንጆሪ በሳይንስ ሩቡስ ከሚባለው ወገን ይመደባል፤ ዮርትሮንም ከዚያው ወገን ሆኖ ሙሉ ስሙ ሩቡስ ካሜሞሩስ ነው። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1753 ያስመዘገበለት ስዊድናዊው የእፅዋት ተመራማሪ ሊኔየስ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያዩአቸው ግን ዘመዳሞች አይመስሉም። የእኛው ሐረጉን እየዘረጋ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ልብስም ይይዛል፣ እጅም ይቧጭራል። ዮርትሮን እሾህ የለውም፤ ቁመቱም ከ10 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከአንድ አገዳ ላይ ጥቂት የተሸበሸቡ ሰፋፊ ቅጠሎችና አንዲት ነጭ አበባ ይወጣሉ። አበባዋ ከያዘች አንዲት ፍሬ ትሰጣለች፤ በቃ።

በረዶው ሲመጣ ከመሬት በላይ ያለው አካሉ ሁሉ ይሞታል። የሚተርፈው ከመሬት በታች የሚሄደው ግንዱ ነው፤ እሱ እስከ 10 ሜትር እየተዘረጋ በየዓመቱ አዲስ ቡቃያ ወደ ላይ ይልካል። ስለዚህ አንድ ሜዳ ሙሉ የሚያክል ዮርትሮን አይተው መቶ ተክል ያለ ቢመስልዎት፣ ሁሉም የአንድ ተክል ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብርድ አይገድለውም።

የት የት ይገኛል?

በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በፊንላንድ፣ በሰሜን ሩሲያ እስከ ሳይቤሪያ፣ በአላስካና በካናዳ። በስኮትላንድ ተራሮችም አለ። የሚወደው ረግረግ ነው። ተራ ረግረግ ግን አይበቃውም፤ ውሃ በሚመጥ ሞስ (መሬት ላይ የሚነጠፍ አጭር ለስላሳ ተክል) የተሸፈነ፣ ከሥሩ ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ የተከማቸ የእፅዋት ቅሪት ያለበት፣ አሲድነቱ ከፍ ያለ መሬት ይፈልጋል። ሌላ ሰብል የሚጠላው መሬት ለእሱ ምቹ ነው።

ሌላ ስም አለው?

ብዙ። ኖርዌጂያን ሙልተ፣ ፊንላንዳውያን ላካ ወይም ሂላ፣ ሩሲያውያን ሞሮሽካ ይሉታል። በእንግሊዝኛ ክላውድቤሪ ነው፤ የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ሰዎች ግን ቤክአፕል ይሉታል። ፊንላንድ ያላችሁ ደግሞ ኪሳችሁን ፈትሹ፤ የፊንላንድ የ2 ዩሮ ሳንቲም ጀርባ ላይ ያለው አበባና ፍሬ ይኸው ተክል ነው።

ለምንድን ነው እንዲህ የሚወደደው?

ገበያ ላይ ዋጋውን አይተው የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። እኔ ዋጋውን የማማርረው ራሴ እስክለቅም ድረስ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ፣ ተክሉ ወንድና ሴት አለው። ወንዱም ሴቷም ያብባሉ፤ ፍሬ የምትሰጠው ግን ሴቷ ብቻ ናት። ሰኔ ላይ ነጭ በነጭ የሆነ ረግረግ አይቶ በሐምሌ ባልዲ ይዞ የሚመለስ ሰው ቅጠል ብቻ ሊጠብቀው ይችላል፤ ያየው ሁሉ ወንድ ነበር። አበባውን ጠጋ ብሎ ላየው መለየት ይቻላል። የወንዱ አበባ መሃሉ ላይ ቢጫ ዱቄት የያዙ ረዣዥም ክሮች አሉት፤ የሴቷ ክሮች አጫጭር ናቸው፣ ዱቄትም የላቸውም።

ሁለተኛ፣ አበባው የሚፈካበት ጊዜ ክፉ ነው። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ሰሜኑ ገና ከብርድ አልተላቀቀም። ተክሉ ራሱ 40 ዲግሪ ብርድ የሚችል ጀግና ሆኖ ሳለ፣ አበባው አንድ ሌሊት ውርጭ ከመታው የዚያ ዓመት ፍሬ አበቃ ማለት ነው። ውርጩ ቢያልፈው እንኳ ዝናብ ከበዛ ንብና ዝንብ አይበሩም፤ ካልበሩ ደግሞ የወንዱ ዱቄት ሴቷ ዘንድ አይደርስም። አምና የተትረፈረፈበት ቦታ ዘንድሮ ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ጉልበት ነው። ብሉቤሪና ሊንጎን ለሚባሉት የጫካ ፍሬዎች የሚያገለግል፣ ጥርስ ያለው መልቀሚያ አለ፤ በአንድ ጊዜ እፍኝ ሙሉ ይጠርጋል። ለዮርትሮን አይሆንም። አንዲት አገዳ አንዲት ፍሬ ስለምትይዝ እያጎነበሱ በጣት አንድ በአንድ ነው የሚለቀመው። እግር ረግረጉ ውስጥ እየሰመጠ፣ ትንኝ ጆሮ ላይ እየጮኸ። ለገበያ ከሚቀርበው ብዙውን የሚለቅሙት በየበጋው ከታይላንድ የሚመጡ ሠራተኞች ናቸው፤ ስለ ክፍያቸውና ስለ አያያዛቸው በስዊድንም በፊንላንድም ፍርድ ቤት የደረሱ ክሶች ነበሩ። ርካሽ ማሰሮ ሲያጋጥማችሁ ይህንንም አስቡት።

መድረሱን በምን አውቃለሁ?

እዚህ ላይ የሐበሻ ዓይን ይሳሳታል። እኛ ፍሬ ሲቀላ ደረሰ እንላለን፤ ዮርትሮን ግን ሲቀላ ጥሬ ነው። መጀመሪያ ቀይና ጠጣር ይሆናል፤ ሲበስል ቀዩ እየለቀቀ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም የማር መልክ ወዳለው ወርቃማ ይለወጣል፣ ይለሰልሳልም።

ከቀለሙ ይልቅ ግን ቆቡን እዩ። ፍሬውን ከሥር የያዙት ትናንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች በጥሬነቱ ወደ ላይ ታጥፈው ያቅፉታል። ሲደርስ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ያኔ በሁለት ጣት ያዝ አድርጎ ሳብ ሲያደርጉት ፍሬው ቆቡን አገዳው ላይ ትቶ ያለ ምንም ግብግብ ይወጣል። ከታገላችሁ አልደረሰም፤ ተዉት። ጣታችሁ መሃል ፈርጦ ጭማቂው ከወረደ ደግሞ ቀኑ አልፎበታል፤ እሱን እዚያው ብሉት፣ ባልዲው ውስጥ ከገባ ሌላውን ያበላሻል።

ጊዜው እንደየቦታው ይለያያል። ወደ ደቡብ ሲሆን ከሐምሌ መጀመሪያ፣ ወደ ሰሜን ሲሆን ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ነው። በዚያ መካከል ጥሩ ጥሩው የሚገኝበት ጊዜ አጭር ነው። ኖርዌይ ጥሬውን መልቀም እ.ኤ.አ. በ1970 በሕግ ከልክላ ነበር፤ ሕጉ በ2004 ተሽሯል። ጥሬውን መልቀም ግን ዛሬም እዚያ ነውር ነው።

ጥሩ ቦታ ልትነግሩኝ ትችላላችሁ?

አንችልም። ይህ ንፉግነት አይደለም፤ ደንቡ ነው። እዚህ አገር ቤቱን፣ መኪናውን፣ ጀልባውን የሚያውስ ጎረቤት የዮርትሮን ቦታውን አይናገርም። የኔ ጎረቤት፣ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ ባልዲያቸው ሞልቶ ሲመለሱ የት እንደነበሩ ብጠይቃቸው «ውጭ» ብለውኝ ገቡ። ምክሬ ይህ ነው፤ ሰኔ ላይ የጥድ ጫካ ከረግረግ ጋር የሚገናኝበትን ዳር ዳሩን ሄዳችሁ ሴት አበባ ፈልጉ፣ ስልካችሁ ላይ ምልክት አድርጉበት፣ ከአምስት ወይም ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።

በሰው መሬት ላይ መልቀም ይፈቀዳል?

በስዊድንና በፊንላንድ፣ አዎ። ማንም ሰው፣ ዜጋም ሆነ እንግዳ፣ የግል በሆነ ጫካና ረግረግ ውስጥም ቢሆን በእግሩ ገብቶ የዱር ፍሬ ሊለቅም ይችላል። የሰው ግቢ፣ የቤት ዙሪያና የተዘራ ማሳ ግን አይነካም። ብሔራዊ ፓርክና የተከለለ ቦታ የየራሱ ደንብ ስላለው መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ማንበብ ነው።

ኖርዌይ ለዮርትሮን ለብቻው ሕግ አላት። በሦስቱ የሰሜን ክፍለ ሀገሮች፣ በኖርላን፣ በትሮምስና በፊንማርክ፣ ዮርትሮን በሚበቅልበት የግል መሬት ላይ ባለቤቱ መልቀምን ሊከለክል ይችላል። ከከለከለ እዚያው ቆሞ መብላት ይቻላል፤ ይዞ መሄድ አይቻልም። ከኦስሎ ወደ ሰሜን ለመዝናናት የምትወጡ ይህን ሳትጠይቁ ባልዲ አታውጡ።

ለቅሜ ብሸጥ ግብር ይጠየቃል?

በስዊድን ለራሱ ለቅሞ የሚሸጥ ሰው በዓመት እስከ 12,500 ክሮና ከግብር ነፃ ነው። በፊንላንድ ሰው ራሱ ለቅሞ የሚሸጠው የዱር ፍሬ ገቢ፣ ደመወዝ እስካልሆነ ድረስ፣ ግብር የለበትም።

አደጋ የለውም?

ፍሬው ራሱ አያሰጋም፤ ወርቃማና በአገዳ አንድ ብቻ ስለሆነ ከመርዛማ ፍሬ ጋር ማምታታት ከባድ ነው። ሕፃናት ግን ከዮርትሮን ጋር ሌላ ቀይ ፍሬ እንዳይቀምሱ አብራችሁ ሁኑ፤ በዚሁ ጫካ ውስጥ መርዝ የሆኑ ቀያይ ፍሬዎች አሉ።

የሚያስፈራው ቦታው ነው። ዓይን መሬት መሬቱን ብቻ እያየ ስለሚሄድ ሰው ሳያስበው ይርቃል፣ ቀና ሲል አቅጣጫው ጠፍቷል፤ ረግረግ ደግሞ በአራቱም ማዕዘን አንድ ዓይነት ነው። ቻርጁ የሞላ ስልክ፣ ረጅም የላስቲክ ቦት፣ የትንኝ መከላከያ ያዙ፤ ቤት ላለ ሰው ወዴት እንደምትሄዱ ተናገሩ። ከላዩ አረንጓዴ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ መሬት ሲያጋጥም ዞር ብሎ ማለፍ ነው፤ ከሥሩ ውሃ አለ።

የቼርኖቢል ነገርስ?

ይህን የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ስዊድን ረጅም ዘመን የኖሩ ናቸው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በ1986 ከፈነዳው የቼርኖቢል የኑክሌር ማመንጫ የወጣው፣ ጨረር ያለው ሲዚየም 137 ከዝናብ ጋር በስዊድን፣ በተለይ በዬቭሌ አካባቢና ከዚያ ወደ ሰሜን ባሉ ቦታዎች ወርዷል። ረግረግ ሲዚየምን እንደ ሸክላ አፈር አስሮ አይዝም፤ ለተክሉ ይለቅለታል። ስለዚህ ዮርትሮን ከሌላው ፍሬ የበለጠ ይስበዋል። ስዊድን ለዱር ፍሬ፣ ለእንጉዳይና ለአጋዘን ሥጋ ሽያጭ በኪሎ 1,500 ቤክሬል (የጨረር መለኪያ ነው) ጣሪያ አድርጋለች። ሲዚየም በ30 ዓመት ገደማ ግማሹ ስለሚጠፋ ያኔ ከነበረው ዛሬ ከግማሽ በታች ነው የቀረው። በዓመት ጥቂት ማሰሮ የሚበላ ሰው የሚጨነቅበት ነገር አይመስለኝም። ዝናቡ ከባድ በነበረበት ሰፈር እየለቀመ፣ በዚያ ላይ ብዙ የዱር ሥጋና እንጉዳይ የሚበላ ግን ቢያስለካ ጥሩ ነው።

ለምን ለምን በሽታ ይጠቅማል?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ መልሴ አይወደድልኝም። ዮርትሮን ፍሬ ነው፤ የሚበላ። በቫይታሚን ሲ በጣም የዳበረ ነው፤ በ100 ግራም ውስጥ ከ50 እስከ 150 ሚሊግራም ይገኛል። ብርቱካን 50 አካባቢ ነው። አትክልት በማይገኝበት በረዶ ወር የሰሜን ሰዎችና መርከበኞች ድዳቸው እንዳይደማ፣ ጥርሳቸው እንዳይነቃነቅ ዮርትሮን ይይዙ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያ እውነተኛ ጥቅም ነበር። የሰሜኑ ነባር ሕዝብ ሳሚዎችና ሩሲያውያን ቅጠሉን አድርቀው እንደ ሻይ ያፈሉታል፤ ለተቅማጥም ለሽንት መውጣትም ሲጠጡት ኖረዋል።

ስኳርን ያጠፋል፣ ደም ግፊትን ያወርዳል፣ ካንሰርን ይፈውሳል እየተባለ በየቡድኑ የሚዞረውን ግን አልቀበለውም። በማርማላታው ውስጥ የፍሬውን ግማሽ ሊያክል ጥቂት የቀረው ስኳር አለ፤ የስኳር ሕመምተኛ በማንኪያ እየቆጠረ ይብላ። የሐኪም መድኃኒት ለፍሬ ብሎ ማቋረጥ የለም።

ከዘሩ የሚጨመቀው ዘይት የፊት ቅባት ውስጥ ይገባል፤ ፊንላንድ ውስጥ የተለመደ ነው።

እንዴት ነው የሚበላው?

የደረሰውን እሳት ሳይነካው ሲቀምሱት መጀመሪያ ኮምጠጥ ይላል፤ ከዚያ ማር ማር የሚል ነገር ይከተላል፤ መጨረሻ ላይ ጠጣሩ ዘር ጥርስ መሃል ይቀራል። ዘሩን የማይወድ ብዙ ነው። ሞቅ አድርጎ በቫኒላ አይስክሬም ላይ ማፍሰስ የስዊድን ወግ ነው፤ በዋፍልም ይበላል። ኖርዌጂያን ከተመታ ክሬም ጋር ቀላቅለው ለገና ያቀርቡታል። ፊንላንዳውያን እሳት ላይ የተጠበሰ፣ ጥርስ ላይ ጢቅ ጢቅ የሚል አይብ ላይ ያደርጉታል፤ ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው።

ችግሩ፣ ለኛ ጾመኞች ወቅቱ በትክክል ፍልሰታ ላይ መውደቁ ነው። ነሐሴ 1 ጾሙ ሲገባ ረግረጉ ወርቅ ሆኗል፤ ክሬሙም አይቡም እስከ ነሐሴ 16 አይነካም። ስለዚህ እኛ ቤት ማርማላታ ተሠርቶ በዳቦ ይበላል፤ ሕፃናቱ ትኩስ አምባሻ ላይ ቀብተው ይጨርሱታል።

ማርማላታው ቀላል ነው። ለአንድ ኪሎ ፍሬ ከ400 እስከ 500 ግራም ስኳር። ፍሬውን ቅጠል ቅጠሉን ብቻ ልቀሙለት፤ ውሃ ውስጥ ከዘፈዘፋችሁት ይፈርሳል። ድስት ውስጥ ብቻውን በቀስታ እሳት ጣሉት፤ ውሃ አይጨመርም፣ ራሱ ያወጣል። ለአሥር ደቂቃ ያህል ከፈላ በኋላ ስኳሩን ጨምሩ፣ አማስሉ፣ አረፋውን በማንኪያ ግፈፉ፣ ስኳሩ ሲሟሟ አውርዱ። ረጅም ከፈላ ያ የማሩ ሽታ ይጠፋና ተራ ጣፋጭ ይሆናል። ዘር የማትወዱ ግማሹን በወንፊት አሳልፉ፤ ሁሉንም አታሳልፉ፣ ምጥጥ ያለ ነገር ነው የሚቀረው። የፈላ ውሃ ያየ ማሰሮ ውስጥ ትኩሱን ገልብጡና ክደኑ።

ሳይበላሽ ምን ያህል ይቆያል?

ከገመታችሁት በላይ። ፍሬው በተፈጥሮው ቤንዞይክ አሲድ አለው፤ ፋብሪካዎች ምግብ እንዳይሻግት የሚጨምሩት ያው ነገር ነው። ስለዚህ ፍሪዘር ሳይኖር ሰዉ በርሜል ውስጥ በራሱ ጭማቂ ወይም በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፎ ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ እስከ ጸደይ ያቆየው ነበር።

በዚህ መንገድ የቆየ ዮርትሮን ነው ፑሽኪን ሊሞት ሲል የበላው። ሳር ቤት ባለው አደባባይ ስሙን የምናውቀው ባለቅኔ፣ ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል ከእኛው ምድር ነው የሚሉ እንዳሉ ሁሉ ከቻድ ሐይቅ አካባቢ ነው የሚሉም ያሉበት፣ በ1837 በሽጉጥ ፍልሚያ ሆዱ ላይ ቆስሎ ሁለት ቀን አጣጥሮ ነበር የሞተው። በመጨረሻው ቀን ሞሮሽካ አምጡልኝ አለ፤ ሚስቱ ናታሊያ በእጇ እንድታጎርሰውም ጠየቀ። ተንበርክካ ጥቂት ፍሬና ጭማቂውን በማንኪያ ሰጠችው። ወሩ የካቲት መጀመሪያ ነበር፤ ረግረጉ በበረዶ ከተቀበረ ወራት አልፈውታል። ከበርሜል የወጣ መሆን አለበት።

ጠጅ ይወጣዋል?

ተሞክሯል፤ ያ እንዳይሻግት የሚያደርገው አሲድ እርሾውንም ስለሚያዳክም መፍላቱ ያስቸግራል። ፊንላንዳውያን የሚያደርጉት ይሻላል፤ ፍሬውን በአረቄ ይዘፈዝፉታል፣ አጥልለው ስኳር ይጨምሩና ሊከር ያደርጉታል።

ጓሮዬ ላይ ልተክለው እችላለሁ?

ሰሜን አውሮፓ ከሆናችሁ ይቻላል፣ ትዕግሥት ካላችሁ። ከዘር ከጀመራችሁ ፍሬ ለማየት እስከ ሰባት ዓመት ሊፈጅ ስለሚችል ችግኝ ግዙ። የኖርዌይ ዝርያዎች ፊዬልጉልና ፊዮርድጉል ሴቶች ናቸው፤ አፖልቶና አፖለን ደግሞ ወንዶች። ሁለቱንም ፆታ መትከል ግድ ነው። ከፊንላንድ የመጣው ኒቢ ግን ወንድም ሴትም በአንድ አበባ የያዘ ስለሆነ ብቻውን ያፈራል። አፈሩ አሲዳማና ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን፤ ማዳበሪያ አታብዙለት።

ኢትዮጵያስ ውስጥ? ባሌ ተራራ ብርድ ነው አይደል?

ብርድ ነው፤ የዮርትሮን ብርድ ግን አይደለም። ሰነቲ ላይ ሌሊት ውርጭ ይወርድና ጠዋት ፀሐይ ያቀልጠዋል፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ነው። ዮርትሮን የሚፈልገው ለወራት ሳይቋረጥ የሚያስተኛው ብርድና ከዚያ በኋላ ቀኑ በጣም የሚረዝምበት በጋ ነው። ዘሩም ለወራት ካልበረደው አይበቅልም። በዚያ ላይ የተክል ዘርና ሥር ያለ ኳራንቲን ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት አይፈቀድም። ደጋው የራሱ እንጆሪ አለው፤ እሱን ማልማት ላይ ቢደከም ይሻለናል።

እየጠፋ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ተክሉ ከምድር አልጠፋም፤ ቦታው ነው የተወሰደበት። ፊንላንድ ደን ለማልማት ብላ ከረግረጎቿ ከግማሽ በላዩን በቦይ አድርቃለች። ረግረግ ሲደርቅ ጥዱ ያድጋል፣ ጥላው ይበዛል፣ ዮርትሮን ቅጠል እንጂ ፍሬ መስጠት ያቆማል። አሁን አንዳንድ ቦዮችን መልሰው እየደፈኑ ነው።

ማርማላታውን ለዘመድ ይዤ መብረር እችላለሁ?

ይቻላል፤ ግን በእጅ ሻንጣ አትያዙት። ማርማላታ በአየር ማረፊያ ፍተሻ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ሊወሰድባችሁ ይችላል። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማሰሮውን በፕላስቲክ ከረጢት አሥራችሁ በሹራብ ጠቅልሉት፤ ክዳኑንም ቀድማችሁ በቴፕ አጥብቁት።